አባቴን የመታው መኪና ቢሆን ኖሮ

ጥቅምት 2010 ዓ.ም. ነው። አባዬ ሁለት በግ ሸጦ ከገበያ እየተመለሰ ነበር። የሚኖረው ከደብረ ብርሃን ወጣ ብላ ባለች የባሶና ወራና ገጠር ቀበሌ ነው። ቤቱ ለመድረስ ሃያ ደቂቃ ያህል ሲቀረው፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ፣ ሁለት ጎረምሶች ከኋላው ደረሱበት። አንደኛው ቀኝ ክንዱን በዱላ መታው። ሁለተኛው ምት ትከሻው ላይ አረፈ። ብሩን ይዘው ሄዱ።

ትከሻውን ያተረፈለት የለበሰው በርኖስ ነው። ወፍራም የበግ ጠጉር በርኖስ ነው፤ እናቴ ፈትላው መንዝ ያለ ዘመዳችን የሠራለት። ክንዱ ግን ተሰበረ።

ይህን የምጽፈው እንደኛ ለሚገጥመው ሰው ነው። በወንጀል የተጎዳ ሰው ካሳ ከየት ያገኛል? መንግሥትስ ምን ያህል ያግዘዋል? ሁለት ዓመት ተኩል ያህል በዚህ ጥያቄ ውስጥ ኖሬያለሁ። ሕግ አልተማርኩም። ደብረ ብርሃን ውስጥ ልብስ ስፌት ነው የምሠራው። የምነግራችሁ ደጅ ስጠና የተማርኩትን ነው።

መጀመሪያ ክንዱን ወጌሻ ጋ ወሰድነው። በሰፈራችን የታወቀ ነው፣ ስንቱን አድኗል። ዘጠኝ ቀን በቀርከሃ ታስሮ ቆየ። እብጠቱ ግን አልጎድል አለ፣ ጣቶቹ ቀዘቀዙ። ሐኪም ቤት ስንሄድ ራጅ ተነሣና አጥንቱ ሁለት ቦታ መሰበሩ ታየ። ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ተጻፈልን። እዚያ ብረት ገባለት።

ያኔ ነው ደብተር የጀመርኩት። ሃምሳ ሉክ የተማሪ ደብተር፣ የልጄ ነበር። በአንዱ ገጽ ወጪ፣ በሌላው ቀን። የራጅ፣ የመድኃኒት፣ የአልጋ፣ የመኪና፣ ለአስታማሚ ምግብ። ደረሰኝ ያለውን በስፒል አያያዝኩት። ደረሰኝ የሌለውን «የለም» ብዬ ጻፍኩ። ወጌሻው ደረሰኝ አይሰጥም። ከገጠር ወደ ከተማ የጫነን ሰውዬም አይሰጥም። ስደምረው ደረሰኝ ያለው 19,350 ብር ሆነ፣ የሌለው ወደ 8,000 ብር። ይህ ገንዘብ ከየት መጣ? አባዬ የቀሩትን በጎች ሸጠ። እኔ ከዕቁብ ቀድሜ እንዳወጣ ለመንኩ። እናቴ ከእድር ተበደረች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አንደኛው ልጅ ተያዘ። ሁለተኛው እስከ ዛሬ አልተያዘም። ፖሊስ የአባዬን ቃል ተቀበለ፣ ለሐኪም ቤት ደብዳቤ ጻፈና የሕክምና ማስረጃ መጣ። በርኖሱንም ደም ስላለበት ለኤግዚቢት ወሰዱት። ኅዳር ገባ። የእኛን አገር የኅዳር ውርጭ የሚያውቅ ያውቀዋል። አባዬ አንድ በርኖስ ነው ያለው። ክንዱ ታስሮ፣ ጋቢ ደርቦ፣ እሳት ዳር ተቀምጦ ዘወትር «በርኖሴን መቼ ይሰጡኛል?» ይለኝ ነበር። ካሳ የሚለውን ቃል አንድም ቀን አላነሣም። የሚያነሣው በርኖሱን ነበር።

እኔም ካሳ መጠየቅ እንደሚቻል አላውቅም ነበር። ክሱ ሲመሰረት የነገረን አልነበረም። ዐቃቤ ሕግ ምስክሮችን ጠራ፣ አባዬ መሰከረ፣ ጎረቤት መሰከረ። ወንጀሉ የመንግሥት ጉዳይ ነው፣ እኛ ምስክር ነን ብዬ ነው የማስበው። በሦስተኛው ቀጠሮ ከችሎት ስንወጣ በረንዳ ላይ የቆሙ አንድ ጠበቃ አባዬን አዩት። እጁን አይተው «የካሳ አቤቱታ አቅርባችኋል?» አሉኝ። ምን እንደሚሉ አልገባኝም።

እዚያው ቆመው አስረዱኝ። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 101 መሠረት በወንጀል የተጎዳ ሰው ካሳ እንዲከፈለው ከወንጀሉ ክስ ጋር አጣምሮ መጠየቅ ይችላል። አጠያየቁ ደግሞ በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 154 ጀምሮ ተጽፏል። ጊዜው ግን ክሱ መሰማት ሲጀምር ነው። መጀመሪያ ላይ። እኛ ሦስተኛ ቀጠሮ ላይ ነን።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ግን ማመልከቻ ይዤ ገባሁ። ዳኛው በትሕትና አዳመጡኝ። ምስክር ተሰምቶ አልቋል፣ የካሳው ነገር ሌላ ማስረጃ ይፈልጋል፣ የወንጀሉን ጉዳይ ያጓትታል አሉ። በፍትሐ ብሔር ለብቻው መክሰስ ትችላላችሁ ብለው መለሱኝ። ሕጉም እንዲህ ይላል፦ ካሳውን ለመወሰን ብዙ ተጨማሪ ምስክር የሚያስፈልግ ከሆነ፣ ወይም የወንጀሉን ክርክር የሚያወሳስብና የሚያዘገይ ከሆነ፣ ፍርድ ቤቱ አይቀበለውም። ተከሳሹ ሕፃን ከሆነ ወይም በሌለበት የሚታይ ከሆነም እንዲሁ። ዳኛው አልበደሉኝም። የጎዳን ቀድሞ የሚነግር ሰው ማጣታችን ነው።

ስለዚህ እናንተ ይህ ከገጠማችሁ ክሱ የሚነበብበትን ቀን ጠይቁና እወቁ። መርማሪውን ጠይቁ፣ ዐቃቤ ሕጉን ጠይቁ። በዚያ ቀን በጽሑፍ ይዛችሁ ግቡ። ያወጣችሁትን ከነደረሰኙ፣ ያጣችሁትን ከነማስረጃው። አንድ ቀን መዘግየት እኛን አንድ ዓመት አስከፍሎናል።

ሰኔ 2010 ልጁ ጥፋተኛ ተብሎ ተፈረደበት። እናቴ አለቀሰች። አባዬ ምንም አላለም። በርኖሱ ያን ቀን ተመለሰለት፤ በፌስታል ሆኖ፣ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት በክር ታስሮበት። ደሙ ደርቆ ጥቁር ሆኗል። እናቴ ሦስት ጊዜ አጠበችው።

ከዚያ ፍርድ ቤት ለክረምት ተዘጋ። ጥቅምት 2011 የፍትሐ ብሔር ክስ ልንከፍት ሄድን። የዳኝነት ክፍያ ስሰማ ደነገጥኩ። የሚከፈለው በምትጠይቁት ገንዘብ ልክ ነው። ብዙ የተጎዳ ሰው ብዙ ይጠይቃል፣ ብዙ የሚጠይቅ ብዙ ይከፍላል። የተዘረፈ ሰው ከየት ያመጣል?

መፍትሔ አለው። በደሃ ደንብ መክሰስ ይባላል። ከቀበሌ የድህነት ማስረጃ ታመጣላችሁ፣ በቃለ መሐላ ያላችሁን ንብረት ትዘረዝራላችሁ፣ ፍርድ ቤቱ አምኖ ከተቀበለ ሳትከፍሉ ክሳችሁ ይከፈታል። ይህን የነገሩኝ ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ የሕግ ተማሪዎችና መምህራቸው ናቸው። እግዚአብሔር ይስጣቸው። የሕግ ትምህርት ቤት ባለበት ከተማ ይህን አገልግሎት ፈልጉ። ማመልከቻ ጸሐፊ ጋ ከመሄዳችሁ በፊት እዚያ ሂዱ።

አንዲት ተማሪ ደብተሬን ገጽ በገጽ አገላበጠችው። ከዚያ አባዬን ጠየቀችው።

«አባባ፣ ዘንድሮ ማን አረሰልዎ?»

«በእኩል ሰጠሁት ልጄ። ዕርፍ መጨበጥ አልቻልኩም።»

«ስንት ኩንታል ነበር የሚያገኙት?»

«ገብስ አሥራ አራት፣ አንዳንዴ አሥራ አምስት።»

«አሁንስ?»

«ግማሹ የአራሹ ነው።»

እሷ ብእሯን አስቀምጣ አየችኝ። «ትልቁ ጉዳት ይኼ ነው፣ ደብተርሽ ላይ የለም» አለችኝ። እውነቷን ነው። እኔ የጻፍኩት የወጣውን ብር ነው። የቀረውን እህል አልጻፍኩም። ሰባት ኩንታል ገብስ በየዓመቱ ከቤታችን ይወጣል፣ እኔ ደግሞ የምቆጥረው የሃምሳ ብር ደረሰኝ ነው። የተጎዳ ሰው የሚያየው የከፈለውን ነው፣ ያጣውን አያይም። በተለይ ገበሬ። ደመወዝ የለውም፣ የቀረበት ነገር ወረቀት ላይ አይታይም።

ከቀበሌ የምርት መጠኑን የሚያስረዳ ደብዳቤ አወጣን። በእኩል ያረሰው ሰው ሊመሰክር መጣ። የሐኪሞች ቦርድ አባዬን አይቶ ዘላቂ የአካል ጉዳቱ 30 በመቶ ነው ብሎ ጻፈ። ይህችን የመቶኛ ወረቀት ሳታገኙ አትክሰሱ። «ክንዱ ተሰብሯል» ብቻ የሚል ማስረጃ ስለ ነገ ምንም አይናገርም። ዳኛ ስለ ወደፊቱ የሚያሰላው በዚህች ቁጥር ነው።

ግንቦት 2011 ተፈረደ። ደረሰኝ ያለው ወጪ 19,350 ብር ተፈቀደ። ደረሰኝ የሌለው ቀረ። ለቀረው ገብስ፣ ኩንታሉን በ1,200 ብር ሒሳብ፣ የሦስት ዓመት 25,200 ብር። ለሕሊና ጉዳት 1,000 ብር። ጠቅላላ 45,550 ብር።

ስለዚያች 1,000 ብር አንድ ነገር ልበል። ያንን ክፍል ዳኛዋ ሲያነቡ አባዬ ወደ እኔ ዞሮ «ሺህ ብር?» አለኝ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2116 የሕሊና ጉዳት ካሳ ከ1,000 ብር ሊበልጥ አይችልም ይላል። ሕጉ ሲወጣ ሺህ ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር። እኛ ስንከስስ አንድ ጥሩ በግ አይገዛም ነበር። አባዬ ከዚያ ቀን ወዲህ ሲመሽ ብቻውን መንገድ አይሄድም። ገበያ ሲውል ሰው አስከትሎ ነው የሚመለስ። ሌሊት ውሻ ሲጮህ ይነሣል። የዚህ ሁሉ ዋጋ ስልሳ ዓመት ሊሞላው በተቃረበ ሕግ ተወስኖ ተቀምጧል። ዳኛዋ ራሳቸው ሲያነቡት ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር። ይህ ቁጥር መቀየር አለበት። ሕግ የሚያሻሽሉ ሰዎች ይህን ካነበቡ ደጋግመው እንዲያስቡበት እለምናለሁ።

ፍርዱን ይዘን ደስ ብሎን ወጣን። ያገኘን መስሎን ነበር። ከዚያ አፈጻጸም የሚባል፣ የተፈረደውን ገንዘብ ማስከፈያ ሌላ መዝገብ ተከፈተ። የፍርድ ባለዕዳው፣ ማለትም የተፈረደበት ልጅ፣ ማረሚያ ቤት ነው። የባንክ ደብተር የለው፣ ቤት የለው፣ ከብት የለው። ቤተሰቦቹ መሬት አላቸው። ግን መሬት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም፤ ደግሞም የአባቱ ይዞታ እንጂ የእሱ አይደለም። ሁለተኛው ልጅ ቢያዝ ኖሮ ሁለቱም በአንድነትና በነጠላ ተጠያቂ ስለሆኑ ሙሉውን ከሱ መጠየቅ እንችል ነበር። አልተያዘም። ስለዚህ በእጃችን ያለው ማኅተም ያለበት ወረቀት ነው።

ይኼኔ ነው አክስቴ ቤት የሄድኩት። የአክስቴ ባል በ2009 ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ሲና በሚወስደው መንገድ ዳር ሲሄድ ሌሊት መኪና ገጭቶት አመለጠ። የመኪናው ታርጋ አልታየም። ሹፌሩ እስከ ዛሬ አይታወቅም። ሕይወቱ አለፈ። አክስቴ ግን ካሳ አገኘች። 40,000 ብር። በስምንት ወር።

እንዴት? የ2005ቱ የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ፣ ቁጥሩ 799፣ የመድን ፈንድ አለው። ገጭቶ ያመለጠ መኪና ሲሆን ወይም መኪናው ኢንሹራንስ ከሌለው፣ ለሞትና ለአካል ጉዳት ፈንዱ ይከፍላል። በዚያ አዋጅ ለሞት ከ5,000 እስከ 40,000 ብር፣ ለአካል ጉዳት እስከ 40,000 ብር ነበር። ማንኛውም የሕክምና ተቋም ደግሞ ለተገጨ ሰው እስከ 2,000 ብር የሚደርስ አስቸኳይ ሕክምና መስጠት ነበረበት፣ ክፍያው ከኢንሹራንሱ ወይም ከፈንዱ ነበር። ሹፌሩ በኋላ ከተገኘ ፈንዱ የከፈለውን ከእሱ ይጠይቃል። የተጎዳው ሰው ግን እስከዚያ አይጠብቅም።

ለአክስቴ ይህን የነገራት አደጋውን የመዘገበው ትራፊክ ፖሊስ ነው። በዚያው በቀብሩ ሳምንት ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ። የትራፊክ ሪፖርት፣ የሕክምና ማስረጃ፣ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ፣ የቀበሌ ደብዳቤ። እነዚህን አቀረበች። አንዱ ወረቀት ስህተት ነበረበትና ተመልሳ አሠራች። ከዚያ ተከፈላት።

አክስቴ ቡና እያፈላች ሁሉንም ሰማችኝ። በመጨረሻ እንዲህ አለችኝ፦ «የእኔን ሰው የመታው መኪና ነው፣ የአንቺን አባት ዱላ። ለዱላ ፈንድ የለውም ማለት ነው?»

የለውም። ያን ምሽት ወደ ቤቴ ስሄድ ይህ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣም። ሁለቱም ወንጀል ናቸው። ገጭቶ ማምለጥ ወንጀል ነው፣ መዝረፍና መደብደብም ወንጀል ነው። በአንደኛው ገዳዩ ሳይታወቅ እንኳን ቤተሰቡ ካሳ ያገኛል። በሌላኛው ወንጀለኛው ተይዞ፣ ተፈርዶበት፣ የካሳ ውሳኔ ወጥቶ፣ ተጎጂው ባዶ እጁን ይቀራል። አባቴን የመታው መኪና ቢሆን ኖሮ፣ ያውም ያመለጠ መኪና፣ ለክንዱ ካሳ የሚጠየቅበት በር ነበረ። መንግሥት እንዴት እንደሚካስ ያውቃል። ወረቀቱን ያውቃል፣ አሠራሩን ያውቃል፣ ገንዘብ ከየት እንደሚሰበሰብ ያውቃል። ያላደረገው ከመኪና ውጭ ላለው ነው።

ሌሎች አገሮች ይህን ጥያቄ ቀድመው ጠይቀዋል። ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ1963 በወንጀል ለተጎዱ ሰዎች ከመንግሥት ካዝና የሚከፍል ሕግ አወጣች፣ ብሪታንያ በቀጣዩ ዓመት ተከተለች። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣችው ሕግ ከፌዴራል ወንጀለኞች ከሚሰበሰብ ቅጣት ለተጎጂዎች ፈንድ አቋቋመች። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣው መግለጫ፣ ከወንጀለኛው ሙሉ ካሳ ካልተገኘ መንግሥታት ለመካስ እንዲጥሩ፣ ብሔራዊ ፈንድም እንዲያቋቁሙ ጠይቋል። እዚያም ቢሆን ሁሉም አልጋ በአልጋ አይደለም። ለፖሊስ ያላመለከተ አይካስም፣ ወረቀት ያልሞላ አይካስም፣ ፈንዱ መኖሩን ያልሰማ አያመለክትም። ብዙ ተጎጂ ሳይጠይቅ ይቀራል። እኛ አገር የቸገረን ለሌላውም ይቸግራል፤ ሰው መብቱን የሚሰማው በአጋጣሚ በረንዳ ላይ ነው።

የእኛስ ሕግ? የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 102 አለ። ጉዳቱ በኢንሹራንስ ካልተሸፈነና ወንጀለኛው ይከፍላል ተብሎ ካልታመነ፣ ፍርድ ቤቱ ከተወረሰ ዕቃ ሽያጭ ወይም ከተቀጣው የገንዘብ መቀጮ ለተጎጂው እንዲከፈል ማዘዝ ይችላል። ሳነበው ልቤ ሞላ። ግን በአባዬ ጉዳይ ልጁ የተቀጣው እስራት ነው፣ መቀጮ የለም፣ የተወረሰም ዕቃ የለም። አንቀጹ የሚሠራው በዚያ መዝገብ ገንዘብ ሲኖር ነው። ከአንዱ መዝገብ የገባ መቀጮ ለሌላው መዝገብ ተጎጂ የሚደርስበት የጋራ ቋት ቢኖር የእኛን ቤት ይደርስ ነበር። በሰው መነገድና ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር በማሻገር ወንጀል ለተጎዱ በ2012 የወጣው አዋጅ 1178 ፈንድ አለው። ልጆቻቸው ወደ ዓረብ አገር በደላላ የወጡባቸው እናቶች በእኛ አካባቢ ብዙ ናቸውና ይህን ይወቁ። ለመኪናው አለ፣ ለደላላው አለ። ለዱላውና ለቢላዋው ይቀጥል ነው የምለው።

አንድን የካሳ ሥርዓት መገምገም ስታስቡ አዋጁን ብቻ አትዩ። የተጎዳውን ሰው ቤት ገብታችሁ እዩ። መብቱን ማን ነገረው? መቼ? ስንት ጊዜ ተመላለሰ፣ ለትራንስፖርት ስንት አወጣ? ገንዘቡ ሲደርሰው በጉ ተሽጦ ነበር ወይስ ገና? አክስቴን በዚህ ብትመዝኗት፣ የደረሳት ገንዘብ ከሐዘኗ ጋር አይወዳደርም፣ ግን ልጆቿ ከትምህርት ቤት ሳይወጡ ደረሰላት። አባዬን ብትመዝኑት፣ 45,550 ብር የሚል ውሳኔ አለው፣ መዝገብ ላይ «ተካሰ» ተብሎ ይቆጠራል። በጉ ግን አልቋል።

በመጨረሻ ገንዘብ ያገኘነው በሽምግልና ነው። የልጁ አባት ሰው ልከው ዕርቅ ጠየቁ። የካቲት 2012 ሽማግሌዎች ይዘው መጡ። እኒያ አዛውንት አንገታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው ከደጃችን ቆሙ። አባዬን የሚበልጡ ናቸው፣ ሰባ የተሻገሩ። አባዬ ሲያያቸው ከተቀመጠበት ተነሣና በግራ እጁ ድንጋዩን አወረደላቸው። ማንም ሳይናገር። እኔ ተናድጄ ነበር የቆየሁት። ያን ሳይ አለቀስኩ።

ሽማግሌዎቹ 12,000 ብር በሦስት ጊዜ እንዲከፈል ጨረሱ። የመጀመሪያው 4,000 መጋቢት 2012 እጃችን ገባ፤ ከተመታ ሁለት ዓመት ከአምስት ወሩ ነው። ቀሪው እስከ 2013 መጨረሻ ተከፈለ። አዛውንቱ ከበሬያቸው አንዱን ሸጠው ነው የከፈሉት። ላጠፋው ልጅ ያላጠፋ አባት ከፈለ። ይህ ትክክል ነው ብዬ ልቤ አይቀበለውም። ግን ደም እንዳይቃባ አድርጓል፣ ሰፈሩን አስታርቋል፣ በእኛ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እዚህ ጋ ተጠንቀቁ። የዕርቅ ወረቀት ላይ «ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅም» የሚል ቃል ካለ ከመፈረማችሁ በፊት ሕግ ለሚያውቅ ሰው አሳዩት። የእኛ ወረቀት ላይ «ከካሳው ላይ የሚታሰብ» የሚል እንዲገባ ያቺ ተማሪ ነች የመከረችኝ። ልጁ ሲፈታ ሠርቶ ንብረት ካፈራ ቀሪውን መጠየቅ የምንችለው በዚያች ቃል ነው። ሌላም ልጨምር። ተከሳሹ ከወንጀሉ ነጻ ቢወጣ እንኳን የካሳ በር አይዘጋም፤ በፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2149 የፍትሐ ብሔር ዳኛ በወንጀሉ ነጻ መውጣት አይታሰርም። ጊዜውንም አትርሱ። ከውል ውጭ ላለ ጉዳት መክሰሻው ሁለት ዓመት ነው፣ ድርጊቱ ወንጀል ሲሆንና የወንጀሉ ይርጋ፣ ማለትም የመክሰሻ ጊዜው፣ ሲረዝም በረዥሙ ይሄዳል። በረዥሙ እተማመናለሁ ብላችሁ ግን አትተኙ። ምስክር ይሄዳል፣ ደረሰኝ ይጠፋል። ተከሳሹ ንብረት ካለው ደግሞ ከፍርድ በፊት እንዲታገድ አመልክቱ፤ እሱ ጠበቃ ከመያዙ በፊት ወንድሙ በሬውን ይሸጠዋል።

ከእኛ በኋላ በአካባቢያችን የመጣው ከአንድ ሰው ክንድ በላይ ነው። በ2013 አጣዬ ተቃጠለች። በ2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ድረስ መጣ። ሱቅ የተዘረፈበት፣ ቤት የተቃጠለበት፣ ሰው የሞተበት ማንን ይከሳል? ስም የለም፣ ታርጋ የለም። ሚያዝያ 2016 የጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ማካካሻን በውስጡ ይዟል። ደስ ብሎኝ ነው የሰማሁት። የምጠይቀው አክስቴን የጠቀማት ነገር እዚያም እንዲኖር ነው፤ ቤት ድረስ መጥቶ «ይህን ይህን ወረቀት ያዢ» የሚል አንድ ሰው።

ኅዳር 2015 አንዲት ደንበኛዬ ሱቄ መጥታ ቁጭ አለች። ለልጇ የደንብ ልብስ ልታሰፋ ነው የመጣችው። ልጇን ሰፈር ውስጥ በጠርሙስ መትተውት አንድ ዓይኑ ተጎድቷል። የመታው ተይዟል። «ሰኞ ክሱ ይነበባል ብለውኛል፣ እኔ ምን አደርጋለሁ፣ መንግሥት ይዞታል» አለችኝ።

የስፌት መኪናዬን አቆምኩ። መርፌው ጨርቁ ላይ እንደተሰካ ተውኩት። ከሥር ካለው ሱቅ ደብተር ገዛሁና ደረሰኞቿን ከቦርሳዋ አውጥተን አብረን ደረደርን። በማግስቱ ሕግ ተማሪዎቹ ጋ ሄድን፣ ማመልከቻ ተጻፈላት። ሰኞ ጠዋት አብሬያት ገባሁ። ክሱ ከመነበቡ በፊት ዳኛው የተጎጂው ወገን አለ ወይ ብለው ጠየቁ። ተነሥታ ወረቀቷን ሰጠች። ተመለከቱት፣ ከመዝገቡ ጋር ይያያዝ አሉ፣ ዐቃቤ ሕጉ አስተያየት እንዲሰጥበት ለታኅሣሥ 10 ቀጠሩ።